የአራን ጉንጉን ያለበት የሱፍ ኮፍያ እንዴት እንደምሠራ

ጋልዌይ ውስጥ ዣንጥላ ይዞ መውጣት ትርፉ ድካም ነው። ዝናቡ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከጎንም ይመጣል። ነፋሱ ዣንጥላችሁን ይገለብጥና ሽቦውን ያስታቅፋችኋል። በዚህ በምዕራብ አየርላንድ የሚያዋጣው ኮፍያ ነው፤ ያውም የሱፍ፣ ጆሮ የሚሸፍን።

ከተማው መሃል ያሉ ሱቆች መስኮታቸው ላይ ክሬም ቀለም ያላቸው፣ ጉንጉን ጉንጉን የሚሉ ሹራቦችና ኮፍያዎች ደርድረዋል። የአራን ሥራ የሚባሉት እነዚህ ናቸው፤ ስሙ ከጋልዌይ ባሕር ወሽመጥ አፍ ላይ ካሉት የአራን ደሴቶች የመጣ ነው። አብዛኞቹ የማሽን ሥራ ናቸው። በእጅ የተሠራው ዋጋው ሌላ ነው፤ አንዱን ራሳችሁ እስክትሠሩ ድረስ ለምን እንደተወደደ አይገባችሁም። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ዳንቴል በኪሮሽ ስለምሠራ ክር ለእጄ አዲስ አልነበረም። የሠራሁትን ኮፍያ ፎቶ ያዩ ዘመዶቼ ከሚኒሶታም ከስቶክሆልምም «እንዴት ነው የሚሠራው?» እያሉ ስለጠየቁኝ ለሁሉም በአንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ የማምንበትን ልንገራችሁ። ሰው የሚፈራው ጉንጉኑን ነው። ጉንጉኑ ግን አንድ ብልሃት ብቻ ነው፤ ከለመዳችሁት በኋላ ቴሌቪዥን እያያችሁ ትሠሩታላችሁ። ኮፍያው ጭንቅላት ላይ ልክ ይሁን አይሁን የሚወሰነው ከዚያ በፊት ነው፣ ልኬቱና ቆጠራው ላይ። ስለዚህ ልኬቱ ላይ ትንሽ ላሰለቻችሁ ነው።

ቃላቱን እንስማማ። መርፌው ላይ የምትንጠለጠለዋን እያንዳንዷን የክር ቀለበት «ዓይን» እላታለሁ። ፊት ለፊቷ ለስላሳ ሆኖ የሚታየውን አሠራር «ቀጥ»፣ ጉብ ብሎ የሚታየውን ደግሞ «ግልብጥ» እላለሁ። እናንተ ቤት ሌላ ስም ካለው በዚያው ጥሩት።

ክሩ ላይ አትቆጥቡ። ለዚህ ኮፍያ የሚሆነው ወፈር ያለ፣ ለስላሳ ገጽ ያለውና በደንብ የተገመደ ክር ነው። 100 ግራሙ 180 ሜትር ገደማ የሚሆን ክር ለአንድ ትልቅ ሰው ኮፍያ ይበቃል። ጠርዙን ማጠፍ ወይም አናቱ ላይ የክር ኳስ መስቀል ከፈለጋችሁ ሁለት ጥቅል ግዙ። ሁለቱም ከአንድ ጊዜ ማቅለሚያ የወጡ መሆናቸውን ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር አይታችሁ አረጋግጡ፤ አለዚያ ኮፍያው ሁለት ዓይነት ክሬም ይሆናል። ፀጉራም ክር ጉንጉኑን ይውጠዋል። ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊም እንዲሁ፤ ያን ሁሉ ደክማችሁ ከሁለት ሜትር ርቀት ምንም አይታይም። ጉብታው የሚታየው ጥላ ሲጥል ነው፣ ጥላ ደግሞ ነጣ ባለ ክር ላይ ይጎላል። የአራን ሹራብ ያልቀለመ ክሬም ሱፍ ሆኖ መታወቁ ለዓይንም ጠቅሟል።

ሱፍ ከክብደቱ ሲሶ ገደማ የሚሆን እርጥበት ጠጥቶ እንኳ ቶሎ የራሰ አይመስልም። ለዚህ አገር አየር ከዚህ የተሻለ የለም። ችግሩ ይበላል፤ ግንባር ላይ ደግሞ ይብሳል። የአየርላንድ በግ ሱፍ ሻካራ ነው፣ ብዙው ወደ ምንጣፍ ሥራ ነው የሚሄደው። ዛሬ በሱቅ የሚሸጡት ብዙዎቹ የአራን ሹራቦች የሚሠሩት ለስላሳ ከሆነው ከሜሪኖ በግ ሱፍ ነው። (የኛ የመንዝ በግ ሱፍም እንዲሁ ሻካራ ነው። ለበርኖስና ለባና ግሩም ነው፣ ግንባር ላይ ግን አልመክረውም።) ቆዳችሁ የሚቆጣ ከሆነ ሜሪኖ ግዙ። ክሩን አንገታችሁ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ጠምጥማችሁ ሞክሩት፤ እጅ አይታመንም፣ አንገት ግን ወዲያው ይናገራል።

አገር ቤት ያላችሁ በቀላሉ የምታገኙት አክሪሊክ የሚባለውን ሰው ሠራሽ ክር ሊሆን ይችላል። ይሠራል፣ አይበላም፣ በማሽንም ይታጠባል። ሁለት ነገር ብቻ እወቁ። እንደ ሱፍ በውሃ ነክራችሁ ቅርጽ ልታስይዙት አትችሉም፤ ከመርፌው ሲወርድ በያዘው ቅርጽ ነው የሚቀረው። ካውያ ደግሞ በፍጹም አታስጠጉት። እንፋሎቱ ክሩን ያሟሽሸዋል፣ ጉንጉኑ ይተኛል፣ ከዚያ በኋላ አይነሣም።

አሁን ልኬት። 5 ሚሊ ሜትር እና 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ክብ መርፌዎች ያስፈልጋሉ፤ ማለቴ በገመድ የተያያዙት፣ ርዝመታቸው 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ። በ5 ሚሊ ሜትሩ መርፌ ቀጥ ብቻ ስትሠሩ 10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 18 ዓይን የሚገባ ከሆነ የእኔ ቁጥር ለእናንተም ይሠራል። 20 ከገባ እጃችሁ ይጠብቃልና ወፈር ያለ መርፌ ያዙ። 16 ከገባ ቀጠን ያለ።

የኮፍያው አካል 112 ዓይን አለው። 112 ዓይን በ18 ስታሰሉት 62 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። የአዋቂ ጭንቅላት ግን ብዙውን ጊዜ ከ54 እስከ 58 ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደነግጥና ዓይን ይቀንሳል። አትቀንሱ! ጉንጉን ሲጠላለፍ ጨርቁን ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ በጉንጉኑ ግራና ቀኝ ያለው ግልብጥም ይሰበስበዋል። ያ 62 ሴንቲ ሜትር ጉንጉኑ ከገባበት በኋላ ወደ 48 ገደማ ይወርዳል። 48ቱ ሲለጠጥ ደግሞ 56 ላይ ቁልጭ ብሎ ይቀመጣል። ጉንጉን የሌለው ኮፍያ ከሚሠራበት ቁጥር ተነስተው ጉንጉን የሚጨምሩ ሰዎች መጨረሻ ላይ የሚያገኙት ለአሻንጉሊት የሚሆን ነገር ነው።

ለኛ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ጭንቅላታችሁን ስትለኩ ከፀጉራችሁ ጋር ለኩ። ሹሩባ የምትሠሩ ወይም ፀጉራችሁን የምታጎፍሩ ከሆነ የአየርላንዶቹ ልኬት አይሆናችሁም። በስፋት 8 ሳይሆን 9 ድግግሞሽ አድርጉ፣ በቁመትም ሁለት ሴንቲ ሜትር ጨምሩ። ለልጅ ከሆነ 7 ድግግሞሽ ይበቃል። ድግግሞሽ ያልኩት ምን እንደሆነ አሁን እመጣበታለሁ።

በቀጭኑ መርፌ 96 ዓይን ጫኑ (ለ9 ድግግሞሽ 108፣ ለ7 ደግሞ 84)። ላላ አድርጋችሁ ጫኑ፤ ጠባብ ጅማሬ ግንባር ላይ መስመር ያወጣል። ክቡን ከማገናኘታችሁ በፊት ዓይኖቹ በሙሉ ወደ ታች ማየታቸውን፣ መሃል ላይ አለመዞራቸውን እዩ። አንድ ቦታ ከዞረ በኋላ የሚስተካከል ነገር የለም፣ መፍታት ነው። ከዚያ 2 ቀጥ፣ 2 ግልብጥ እያላችሁ 5 ሴንቲ ሜትር ዙሩ። የሚታጠፍ ጠርዝ ከፈለጋችሁ 10። ይሄ ክፍል አሰልቺ ነው። ሬዲዮ ክፈቱ።

ጠርዙ ሲያልቅ ወደ 5 ሚሊ ሜትሩ መርፌ እየተሻገራችሁ 16 ዓይን ትጨምራላችሁ። ጠርዙን በ12 ዓይን ከፋፍላችሁ እዩት፤ 8 ክፍል ይሆናል። በእያንዳንዱ ክፍል የመጀመሪያዎቹን 6 ዓይኖች ሁሉንም ቀጥ ሥሯቸው፤ ጉንጉኑ የሚወጣው ከእነሱ ነው። ቀጥሎ ያሉት 2 ግልብጦች እንዳሉ ይቀጥሉ። ከዚያ የሚመጡትን 2 ቀጦች እያንዳንዳቸውን ሁለት አድርጓቸው፤ 4 ይሆናሉ። የመጨረሻዎቹ 2 ግልብጦችም እንዳሉ። 12 የነበረው 14 ሆነ፣ በ8 ሲባዛ 112። አንድ ድግግሞሽ የምለው ይህንን 14 ዓይን ነው። በየድግግሞሹ መሃል የተለየ ቀለም ያለው የክር ቀለበት መርፌው ላይ አስገቡ። ስህተት ሲፈጠር 112 ዓይን ከመቁጠር 14 መቁጠር ይሻላል።

አራቷ ዓይን ሸካራዋ ክፍል ናት። ለሁለት ዙር አንድ ቀጥ አንድ ግልብጥ፤ ለቀጣዮቹ ሁለት ዙሮች ተቃራኒው፣ አንድ ግልብጥ አንድ ቀጥ። እንዲህ እየተፈራረቀ ሲሄድ ጥቃቅን ጉብታ ያወጣል። ይህንን «ብዙም አይታይም» ብሎ በቀጥ የሚተካው አለ። እኔ አልስማማም። ጉንጉኑ የሚጎላው አጠገቡ ያለው ነገር ዝቅና ሸከር ሲል ነው።

አሁን ጉንጉኑ። ሹሩባ የተሠራችሁ ወይም የሠራችሁ ሁሉ ነገሩን ቀድማችሁ ታውቁታላችሁ፤ አንዱ ዘለላ በሌላው ላይ ይተላለፋል፣ አለቀ። የመጀመሪያዎቹን 3 ዓይኖች ሳትሠሯቸው ወደ አጭር ረዳት መርፌ አዛውሯቸው። ቀጣዮቹን 3 ቀጥ ሥሩ። ከዚያ ተመለሱና በረዳቱ ላይ የቆዩትን 3 ቀጥ ሥሩ። ረዳቱን መርፌ ከሥራው ፊት ለፊት ካቆያችሁት ጉንጉኑ ወደ ግራ ያዘነብላል። ከሥራው በስተኋላ ካቆያችሁት ወደ ቀኝ። ረዳት መርፌ ከሌለ ሁለቱም ጫፉ የሾለ ስቴኪኒ ይሠራል፤ እንዳይቧጥጥ በአሸዋ ወረቀት ማሸት ነው።

እኔ አንዱን ድግግሞሽ ወደ ግራ፣ ቀጣዩን ወደ ቀኝ አደርጋለሁ፤ ፊት ለፊት ሲታይ ሚዛን አለው። 7 ወይም 9 ድግግሞሽ የምትሠሩ ከሆነ ግን ማፈራረቁ ዙሩ ሲዘጋ አይገጥምም። ሁሉንም ወደ አንድ ወገን አድርጉት።

የመጀመሪያውን ማጠላለፍ ጠርዙ እንዳለቀ ወዲያው አትሥሩ። ጉንጉኑ ጠርዙን ይጎትተውና ኮፍያው እግሩ ላይ ይጨማደዳል። በ4ኛው ዙር ጀምሩ፣ ከዚያ በየ8 ዙሩ፦ በ12ኛው፣ በ20ኛው፣ በ28ኛው። በመሃል ያሉት ዙሮች ላይ 6ቱን ዓይን ዝም ብላችሁ ቀጥ መሥራት ነው። ስንተኛው ዙር ላይ እንደሆናችሁ መርሳት አይቀርም፤ ስልክ ይጮሃል፣ ድስት ይገነፍላል። በተጠላለፈበት ዙር ሁሉ ትንሽ ቀይ ክር እሰሩ፣ ከዚያ ክር ወደ ላይ ብቻ ቁጠሩ።

አንዱ ጉንጉን ወደ ተሳሳተ ወገን ዞሮ ከብዙ ዙር በኋላ ብታዩት ኮፍያውን በሙሉ አትፍቱ። የዚያን ጉንጉን 6 ዓይኖች ብቻ ከመርፌው አውርዳችሁ እስከ ስህተቱ ድረስ ተርትሩ። አስተካክላችሁ አጠላልፉና እያንዳንዱን ደረጃ በኪሮሽ እየሳባችሁ ወደ ላይ ተመለሱ። ኪሮሽ የያዘ እጅ እዚህ ላይ ትልቅ ጥቅም አለው።

ስለ ጥለቶቹ ትርጉም የሚወራውን ሳልነካ ባልፍ ቅር ይለኛል። አራን ከጋልዌይ ባሕር ወሽመጥ አፍ ላይ ያሉ ሦስት ደሴቶች ናቸው፤ ኢኒሽ ሞር፣ ኢኒሽ ማን እና ኢኒሽ ኢር። ድንጋይ በድንጋይ ናቸው። ነዋሪው ለእርሻ የሚሆነውን አፈር እንኳ አሸዋና የባሕር አረም ድንጋይ ላይ እየከመረ ነው የሠራው። ቱሪስት ስትሆኑ የሚነገራችሁ ታሪክ ይህ ነው፦ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ጥለት ነበረው፣ ዓሣ አስጋሪው ሰምጦ ባሕሩ ሲተፋው በሹራቡ ይለይ ነበር። ልብ ይነካል። ግን ማስረጃ የለውም። የወሬው ሥር ብዙውን ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1904 መድረክ ላይ ወደ ወጣ አንድ የአየርላንድ ተውኔት ይመለሳል። እዚያ ውስጥ የሰመጠው ሰው የተለየው በካልሲው ነው። እህቱ ካልሲውን ስትሠራ የሳተቻቸውን ዓይኖች ታውቃቸዋለች። የቤተሰብ ጥለት የሚባል ነገር የለበትም።

እውነተኛው ታሪክ ለእኔ ከዚያ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1891 መንግሥት ለድሃው የምዕራብ አየርላንድ ጠረፍ አንድ የልማት ቦርድ አቋቁሞ ነበር፤ ዓሣ ማስገርን ለማሳደግም ሠርቷል። በዚያ ዘመን ከስኮትላንድና ከሌላም ጠረፍ የመጡ አስጋሪዎች ጥለት ያለው ሹራብ ለብሰው መጡ። የደሴቶቹ ሴቶች አዩት፣ ወሰዱት፣ አወፈሩት፣ ጉንጉኑን አበዙት። በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ የራሳቸው አደረጉት። በ1930 ደብሊን ውስጥ የተከፈተ የእጅ ሥራ ሱቅ የሚያመርቱትን ገዝቶ ይሸጥላቸው ነበር። በ1961 ክላንሲ ብራዘርስና ቶሚ ማኬም የተባሉት ዘፋኞች ክሬም ሹራባቸውን ለብሰው በአሜሪካ ቴሌቪዥን በኤድ ሱሊቫን ዝግጅት ላይ ቀረቡ፤ ከዚያ በኋላ ፍላጎቱ ሰማይ ነካ። ሺህ ዓመት የቆየ ምስጢራዊ ቋንቋ ሳይሆን፣ ገቢ የሚያስፈልጋቸው ብልህ ሴቶች ያሳደጉት ሙያ ነው። ጉንጉኑ የአስጋሪ ገመድ ነው፣ ይሄኛው የእርሻ ማሳ ነው የሚለው ትርጉም በአብዛኛው በኋላ በሻጮች የተለጠፈ ነው። ስለዚህ ጥለት ስትመርጡ ነፃ ናችሁ። የማንንም ቤተሰብ አርማ አልሰረቃችሁም።

አሮጌዎቹን ሹራቦች ማየት የሚፈልግ ሜዮ በሚባለው የአየርላንድ አውራጃ፣ ካስልባር ከተማ አጠገብ ያለውን የብሔራዊ ሙዚየም ቅርንጫፍ ይጎብኝ፤ መግቢያው ነፃ ነው።

ወደ ኮፍያው። 28ኛው ዙር ሲያልቅ ቁመቱ ከጠርዙ ጋር 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። አናቱ ይጀምራል። ዓይኑ እየቀነሰ ሲሄድ ክቡ መርፌ ስለሚረዝም ወደ አራትና አምስት አጫጭር ባለ ሁለት ጫፍ መርፌዎች አዛውሩት። መጥፎ አናት ጥሩ ኮፍያ ያበላሻል። ጉንጉኑ መሃል መንገድ ላይ ድንገት ተቆርጦ የቀረ ሲመስል ያስጠላል፤ የእኔ አቀናነስ ያንን ለማስቀረት ነው። መጀመሪያ ዳር ያለውን እያጠበብኩ ጉንጉኑን እስከ መጨረሻው አቆየዋለሁ።

በ29ኛው ዙር ሸካራዋን 4 ዓይን ሁለት ሁለቱን አንድ ላይ ሠርታችሁ 2 አድርጓት፤ 96 ይቀራል። በ32ኛው እያንዳንዱን ጥንድ ግልብጥ አንድ አድርጉ፤ 80። በ34ኛው ሸካራዋን አንድ፤ 72። በመሃል ያሉትን ዙሮች እንዳሉ ሥሩ። 36ኛው ዙር የማጠላለፊያው ተራ ነው፤ እዚህ ላይ የምወደው ዘዴ አለ። 3ቱን ዓይን በረዳት መርፌው ላይ እንደተለመደው አውጡ። ሁለቱን መርፌዎች ጎን ለጎን አቁማችሁ ከረዳቱ አንድ፣ ከዋናው አንድ እያደረጋችሁ ሁለቱን በአንድ ላይ ቀጥ ሥሩ። ሦስት ጊዜ። 6ቱ ዓይን ተጠላልፈው በአንድ ጊዜ 3 ይሆናሉ፤ 48። በ38ኛው በጉንጉኖቹ መሃል የቀሩትን 3 ዓይኖች አንድ ላይ በግልብጥ ሥሩ፤ 32። በ40ኛው ሁሉንም ሁለት ሁለት፤ 16። በ41ኛው እንደገና፤ 8። ክሩን 20 ሴንቲ ሜትር አስተርፋችሁ ቁረጡና በስፌት መርፌ በ8ቱ ውስጥ አሳልፋችሁ ጥርቅም አድርጋችሁ ሳቡ። ስምንቱም ጉንጉን ወደ አናቱ እየቀጠኑ ሄደው አንድ ላይ ይገናኛሉ።

ሱፍ ከሆነ ሳታጥቡት አትልበሱት። ለብ ባለ ውሃና ለስላሳ ሳሙና ነክራችሁ ተዉት። አትሹት፣ አትጭመቁት፤ ፎጣ ውስጥ ጠቅልላችሁ ተጫኑት። ከዚያ ጎድጓዳ ሳህን ደፍታችሁ እሱ ላይ አልብሱት፣ ጠርዙን ግን አትወጥሩት። የተወጠረ ጠርዝ ሲደርቅ ላልቶ ይቀራል። እዚህ አገር ለመድረቅ ጊዜውን ይወስዳል፤ ማሞቂያ ላይ ግን አታስቀምጡት።

በመጨረሻ ስለ ገበር። ሱፍ የፀጉርን ወዝ ይመጥጣል፣ ከርዳዳ ፀጉርን ደግሞ ጫፍ ጫፉን ይሰባብረዋል። ስለዚህ የኔ ኮፍያዎች ሁሉ ውስጣቸው ሳቲን አለ። ሳቲን እንደ ሹራብ አይለጠጥም። ከጭንቅላታችሁ ዙሪያ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል አስፍታችሁ ቁረጡት፣ አናቱን ሰብስባችሁ ስፉት። ወደ ኮፍያው ስትገጥሙት ከሚለጠጠው ጠርዝ በላይ፣ ጉንጉኑ ከሚጀምርበት መስመር ላይ፣ ሰፋ ሰፋ ባለ የእጅ ስፌት ያዙት። ጠርዙ ላይ ከሰፋችሁት መለጠጡን ያቆምና ግንባራችሁን ይይዛችኋል። ኮፍያው ሲቆሽሽ ገበሩን ተርትሮ ለብቻ ማጠብ ስለሚቻል፣ እኔ ስፌቱን ሁልጊዜ በሚለይ ቀለም ነው የምሰፋው።